ክልሉ «ይቀናጅ» ብሏል፤ ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚሰጠውን አገልግሎት ከየት ጀምሮ ነው የሚያቀናጁት?

ማለዳ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በክልል ደረጃ ማኅበራዊ ጉዳይን በሚይዝ ቢሮ ውስጥ ነው። ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚሰጠው አገልግሎት በሙሉ «ይቀናጅ» የሚል መመሪያ ከላይ ወርዶ፣ ረቂቁን የማዘጋጀቱ ሥራ እኔ ላይ ወድቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጠለያዎቹ በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ሥር ናቸው። የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምናው የጤና ቢሮ ነው። የገቢ ድጎማው ከማዕከላዊ መንግሥት በሌላ መሥሪያ ቤት በኩል ይመጣል። ቤት የሚሰጠውና ኪራይ የሚደጉመው የቤቶች ኤጀንሲ ነው። ማረሚያ ቤቱም፣ ፖሊሱም፣ በጎ አድራጊዎቹም አሉ። ማንም ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም፤ የሁሉም ሪፖርት ሲታይ ያምራል።

ሰሞኑን ግን አንድ ፋይል እጄ ገባ። ሰውየው የስኳር ሕመምተኛ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ፣ ኢንሱሊኑን በከረጢት ይዞ አመሻሽ ላይ ወጣ። መጠለያው «መድኃኒት የምናስቀምጥበት ማቀዝቀዣ የለንም» ብሎ መለሰው። የቤቶች ኤጀንሲው ማመልከቻ ላይ አድራሻ የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ እሱን ያልሞላ አይመዘገብም። ድጎማ ክፍሉ ደግሞ «መጀመሪያ ከተመዘገብክበት ከተማ ደብዳቤ አጽፈህ ና» አለው። አራቱም መሥሪያ ቤቶች «ሪፈር ተደርጓል» ብለው ጽፈው ጉዳዩን ዘግተዋል። እንግዲህ ይህ ሰው በአራት ሪፖርት ላይ አራት ጊዜ «አገልግሎት ያገኘ» ተብሎ ተቆጥሯል።

አለቆቼ የሚፈልጉት የኃላፊዎች ግብረ ኃይልና የመግባቢያ ሰነድ ነው። ግብረ ኃይሉ ለእንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግለት ግን አልታየኝም። በሥራው ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ምን ይቅደም ትላላችሁ?

አዛውንቱ

ልጄ፣ ከግብረ ኃይሉ ጋር አትሟገቺ፤ ይቋቋም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስንቱን አቋቁመናል። የሁሉም ዕጣ አንድ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ኃላፊው ራሱ ይመጣና ንግግር ያደርጋል። በሚቀጥለው ምክትሉ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ማስታወሻ የሚይዝ ወጣት ይላካል፤ ውሳኔ ሲጠየቅ «ለበላይ አሳውቃለሁ» ይላል። ቃለ ጉባኤው ብቻ ይወፍራል።

አንቺ ለአንዲት አንቀጽ ታገይ። ሰውን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የላከ ክፍል፣ ተቀባዩ ስሙን ጽፎ «ተረክቤዋለሁ» እስኪል ድረስ ፋይሉን መዝጋት አይችልም። ይህቺ ከገባች ግብረ ኃይሉም የሚሰበሰብበት ምክንያት ያገኛል፤ ያልተዘጉ ፋይሎችን ያያል። ካልገባች ስለ «ባለድርሻ አካላት» ስታወሩ ነው የምትውሉት።

ቆጣሪው

ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። ያልተዘጋ ፋይል እንዲታይ መጀመሪያ ሰዎቹ በስም መታወቅ አለባቸው። ብዙ ቦታ ያለው ግን ቁጥር ነው። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ በጃንዋሪ ወር የመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ውስጥ በተመረጠ አንድ ሌሊት ቆጠራ ይካሄዳል። ለበጀትና አዝማሚያ ለማየት ይጠቅማል፤ ሰውን ለመከታተል ግን አይሆንም። በዚያች ሌሊት የተቆጠረው ሰው በሳምንቱ ቤት ይግባ፣ ይታሰር ወይም ይሙት ቁጥሩ አይነግርሽም።

እዚያው አገር ለውጥ ያሳዩት አካባቢዎች የሚሠሩት በስም ዝርዝር ነው። ማን ነው፣ የት ያድራል፣ መጨረሻ ላይ ያገኘው ማን ነው፣ ምን እየጠበቀ ነው፣ ጉዳዩን የሚከታተለው ማን ነው። ዝርዝሩ ሳይቋረጥ ይታደሳል፤ ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡ ሰዎች ቁጭ ብለው ስም በስም ያዩታል። «የመጠለያ ሽፋንን ስለ ማሳደግ» የሚል አጀንዳ የለም። «እገሌ መታወቂያው ለምን እስካሁን አልወጣም?» ነው ጥያቄው።

ሂውስተን የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2011 አካባቢ ጀምሮ ከተማዋ፣ ያለችበት የሃሪስ ካውንቲ (ከከተማ ሰፋ ያለ የአካባቢ አስተዳደር) እና አጎራባቾቿ፣ የቤቶች ባለሥልጣናትና ከ100 በላይ ድርጅቶች በአንድ ዕቅድ ሥር ገቡ። ሰውየው በየትኛውም በር ቢገባ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ፣ የሚገባበት መዝገብ አንድ ሆነ። ከ10 ዓመት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ቤት የሌላቸው ሰዎች ቁጥር ከ60 በመቶ በላይ ወረደ። ልብ በሉ፣ አንድም መሥሪያ ቤት አልተዋሐደም። መዝገቡና ወረፋው ብቻ ነው አንድ የሆነው።

ከደጅ የገባ

በየቢሮው ስለሚሞላው ቅጽ እኔም ልናገር፤ ከመስኮቱ ማዶ ቆሜ የተጠየቅሁ ሰው ነኝ።

ሁሉም ቢሮ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረን ይላል። ቤትህን መቼ አጣህ፣ ለምን አጣህ፣ ከቤተሰብ ጋር በምን ተጣላህ፣ ትጠጣለህ፣ ታስረህ ታውቃለህ። ከኋላህ ሰው ተሰልፏል። ጠያቂዋ መስታወቱ ስለሚጋርዳት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምትጠይቀው። እንደዚህ ሆነህ «ሱስ አለብህ?» ስትባል ምን ትላለህ? የለብኝም ነዋ። «ብቻህን መኖር ያቅትሃል?» አያቅተኝም። ሰው ፊት ራሱን የሚያዋርድ የለም። በኋላ እንደ ተረዳሁት እነዚያ መልሶች ነጥብ ተሰጥቷቸው ኖሮ፣ ደህና ሰው ነው ተብዬ ወደ ወረፋው ጅራት ወረድሁ።

ሁለተኛው ስልክ ነው። «ተራህ ሲደርስ እንደውልልሃለን» ይላሉ። ውጭ የሚያድር ሰው ስልኩ ይሰረቃል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ቁጥሩ ይቀየራል። ደጋግመው ደውለው ካላገኙህ ትሰረዛለህ። ተከታታይ፣ ማለትም ጉዳዩን የሚከታተልለት ሠራተኛ ያለው ሰው ግን አይሰረዝም፤ የት እንደሚያድር የሚያውቅ አንድ ሰው ስላለ ሄዶ ይቀሰቅሰዋል። ሌላ ሌላውን ቅንጅት እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔን ያስገባኝ ስሜን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው።

ቆጣሪው

@ከደጅ የገባ፣ ያልከው አንተ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ቪአይ-ስፒዳት የሚባለው የነጥብ መጠይቅ በአሜሪካና በካናዳ በሰፊው ሲሠራበት ቆይቶ፣ ጥቁሮችና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ችግራቸው ከባድ ሆኖ ሳለ ዝቅ ያለ ነጥብ እንደሚያገኙ በጥናት ሲታይ ጭቅጭቅ አስነሣ። አዘጋጆቹ ራሳቸው በ2020 መገባደጃ ላይ ቀስ በቀስ ሊያቆሙት እንደሆነ አሳወቁ። ነጥብ ጨርሶ አይኑር አልልም፤ ቤቱ 5፣ ጠያቂው 50 ሲሆን በሆነ ነገር መለየትሽ አይቀርም። ግን ሰውየውን ለወራት የሚያውቀው ማኅበራዊ ሠራተኛ የሚለው ነገር ከቅጹ እኩል መሰማት አለበት። ጥያቄውም በተዘጋ ክፍል ይጠየቅ፤ ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

የሕግ ሰው

የስም ዝርዝር ስትሉ ጆሮዬ ቆመ። ማን ነው የሚያየው? የጤና መረጃ፣ የእስር ታሪክ፣ በየትኛው ድልድይ ሥር እንደሚያድር፣ ይህ ሁሉ በአንድ መዝገብ ተቀምጦ ፖሊስ እንዳሻው የሚከፍተው ከሆነ፣ በመጀመሪያው የማፈናቀል ዘመቻ ሰዎቹ ከእናንተ ይሸሻሉ። ዝርዝሩም ያኔውኑ ይሞታል።

የእንግሊዝን ሕግ እዩት። በ2017 የወጣው ቤት አልባነትን የመቀነስ አዋጅ ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፤ ከዚያው ዓመት ኦክቶበር ጀምሮ ደግሞ የተወሰኑ የመንግሥት ተቋማት ቤት ያጣ ወይም ሊያጣ የተቃረበ ሰው ሲያጋጥማቸው ለአካባቢው የቤቶች ክፍል የማሳወቅ ግዴታ ተጣለባቸው። ማረሚያ ቤቶች፣ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሎች፣ የሥራ ማዕከላት፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍሎች አሉበት። ሁለት ነገር ግን አስተውሉ። ሰውየው ካልፈቀደ አይተላለፍም፤ የትኛው አካባቢ እንዲተላለፍለት የሚመርጠውም ራሱ ነው። ፖሊስ ደግሞ ግዴታ ከተጣለባቸው ተቋማት መካከል የለም።

ያው ሕግ ከቤት ሊወጣ የተቃረበ ሰው እርዳታ የሚጠይቅበትን ጊዜ ከ28 ወደ 56 ቀን አሳድጎታል። ሰው ዕቃውን ደጅ ካወጣ በኋላ ከመሯሯጥ አስቀድሞ አከራዩን ማነጋገር ይረክሳል።

@ማለዳ፣ የመግባቢያ ሰነድ ፊርማ ነው፤ ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። ክልሉ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ካለው የጋሼን አንቀጽ ደንቡ ውስጥ አስገቢው።

ሌሊት ተረኛ

ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ የመውጫ ወረቀት ከሚያዘጋጁት አንዷ ነኝ። ያ የኢንሱሊን ሰውዬ ሲነሣ «ጨካኞች» እንዳንባል የውስጡን ልንገራችሁ።

ሰው የሚወጣው አመሻሽ ላይ የሆነው ስለምንጠላው አይደለም። ሐኪም ጠዋት ዙር ይዞራል፣ «መውጣት ይችላል» ይላል፤ ከዚያ የላቦራቶሪ ውጤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ሒሳብ ክፍል ሲባል ቀኑ ያልቃል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ ያንን አልጋ የሚጠብቅ ሰው በቃሬዛ ላይ ተኝቷል። በዚያ ሰዓት መጠለያ ስደውል የማገኘው መልስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ አይነሣም፣ ወይ «መዝጋቢዋ ወጥታለች»። በጠረጴዛችን ላይ የተለጠፈ የመጠለያ ስልኮች ዝርዝር አለ። ግማሹ በእስክሪብቶ ተሰርዞ ከጎኑ ሌላ ቁጥር ተጽፏል፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል፤ አንዱ ላይ «እንዳትደውሉ» ይላል።

እኔን ብትጠይቁኝ የሚቀድመው ይሄ ነው። ማታም የሚነሣ አንድ ስልክ፣ ያነሣው ሰውም «አልጋ አለ፣ ይምጣ» የማለት ሥልጣን ያለው። በዚያ ላይ ሰውየው በተኛ በመጀመሪያው ቀን «ስትወጣ የት ትገባለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። በመጨረሻው ቀን ሲጠየቅ መልሱ ለማንም አይረባም።

ከወጣ በኋላ ላለው ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ የተጀመረ ሲቲአይ የሚባል አሠራር አለ። አንድ ተከታታይ ሰውየውን ከተቋሙ ሳይወጣ ያገኘዋል፣ ለ9 ወር ያህል አብሮት ይቆያል፣ በሦስት ምዕራፍ እየቀነሰ ለአካባቢው አገልግሎት ያስረክበዋል። ከሆስፒታል፣ ከማረሚያ ቤትና ከመጠለያ ለሚወጡ ሰዎች ይሆናል። ዋናው ነገር ተከታታዩ ከሰውየው ጋር የሚሻገር መሆኑ ነው፤ የእኛ ማኅበራዊ ሠራተኛ በሩ ላይ ነው የምትቀረው።

ጉልላት

ሁሉንም አነበብኩ። መዝገብ አላችሁ፣ ስልክ አላችሁ፣ ተከታታይ አላችሁ። ቤቱስ? ቤት በሌለበት ቅንጅት ማለት ወረፋን ማሳመር ነው።

ፊንላንድን ሰው ሁሉ ይጠቅሳታል፤ ምን እንደሠራች ግን ተዘሏል። በ2008 መንግሥት ከትልልቆቹ ከተሞች ጋር ውል ተፈራርሞ መጀመሪያ ቤት፣ ድጋፉ ከቤቱ በኋላ በሚለው መንገድ ገባ። ሐሳቡን የሥነ ልቦና ባለሙያው ሳም ጸምበሪስ በ1992 ኒው ዮርክ ላይ ጀምሮታል፤ ፊንላንዶች ያደረጉት የአገር ፖሊሲ ማድረግ ነው። መጠለያዎቹን እየዘጉ አፓርታማ አደረጓቸው። ሄልሲንኪ ውስጥ በ1985 ከ2,000 በላይ የነበረው የመጠለያ አልጋ በ2016 ወደ 50 ገደማ ወርዶ ነበር። ዋይ ፋውንዴሽን የሚባለው ተቋም ከ1985 ጀምሮ ቤት እየገዛና እየሠራ ያከራያል። ቅንጅቱ የሠራው የሚቀናጅ ነገር ስለነበረ ነው።

በተቃራኒው ሎስ አንጀለስን እዩ። ከተማውና ካውንቲው በ1993 የጋራ ባለሥልጣን አቋቋሙ፤ የተቋቋመበት ዓላማ ራሱ ቅንጅት ነው። በኤፕሪል 2025 የካውንቲው ቦርድ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከዚያ ተቋም አውጥቶ የራሱን መሥሪያ ቤት ለማቋቋም ወሰነ። ከ30 ዓመት በኋላ!

ቆጣሪው

@ጉልላት፣ በቤቱ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ግን ፊንላንድም ቢሆን ቤት ስለገነባች ብቻ አርፋ አልተቀመጠችም። በ2023 መጨረሻ 3,429 የነበረው ቁጥር በ2024 ወደ 3,806 ከፍ ብሏል፤ የማኅበራዊ ድጎማ ቅነሳው ባለበት ወቅት ነው። ደግሞ ይህ ቁጥር ዘመድና ጓደኛ ቤት የተጠጉትንም ይጨምራል፤ ብዙ አገር እነሱን አይቆጥርም። @ማለዳ፣ በረቂቁ ውስጥ ማን «ቤት የለውም» እንደሚባል ቀድመሽ ወስኚ። አንዱ ቢሮ ዘመድ ቤት የተጠጋውን ቆጥሮ ሌላው ካልቆጠረ፣ መዝገቡ በተከፈተ ማግሥት ትጣላላችሁ።

እና ደግሞ፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ቅንጅቱ አይደለም የከሸፈው ብዬ ነው የማምነው። ተጠያቂነቱ ለተቋሙ ተሰጥቶ፣ መሬቱና የግንባታ ፈቃዱ ከተማው ጋር፣ የአእምሮ ጤናው ካውንቲው ጋር ቀረ። ሥልጣን የሌለው አስተባባሪ ስድብ መቀበያ ነው።

ጉልላት

ይሄንንስ እቀበላለሁ። እንግዲያው @ማለዳ፣ የቤቶች ኤጀንሲው ከሚለቀቁት ቤቶች ስንቱን ለዚህ ዝርዝር እንደሚሰጥ በቁጥር ይጻፍ። «ቅድሚያ ይሰጣል» ብለሽ አትለፊው።

ባለ በጀት

ስለ ገንዘቡ ማንም አላነሣም። ማዘጋጃ ቤት ሰውን መጠለያ ውስጥ ለዓመት የሚያቆየው ክፋት ይዞት አይደለም፤ የመጠለያውን ወጪ ሌላ አካል ስለሚሸፍንለት ነው። ቤት ካስገባው ግን የተከታታዩ ደመወዝ ከራሱ ኪስ ይወጣል። እንዲህ ባለ ሒሳብ ማንም ቤት አያስገባም።

ዴንማርክ ይህን ነው የነካችው። ማዘጋጃ ቤቶች ለመጠለያ ከሚያወጡት ግማሹ ከመንግሥት ይመለስላቸው ነበር። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ተመላሹ ለመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ብቻ ሆነ፤ ሰውየው ቤት ሲገባ ለሚደረግለት ድጋፍ ግን ተመላሽ አለው። ይህን የሚያክል ለውጥ ያለ አንድ የኃላፊዎች ስብሰባ ባህርይ ይቀይራል። ክልሉ ለከተሞች የሚያከፋፍለው ድጎማ ካለ፣ የአከፋፈሉ ቀመር ላይ ሥሩ።

ማለዳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ አለ፤ እሱም ነው የሚያጣላን። ትንንሾቹ ከተሞች መጠለያ የላቸውም። ሰው ሲመጣባቸው የአውቶቡስ ትኬት ቆርጠው ወደ ትልቁ ከተማ ይሸኙታል። ትልቁ ከተማ ደግሞ «የእኛ ነዋሪ አይደለም» ይላል። ሰውየው ከሁለት ያጣ ይሆናል። ይህን ጠብ ደንቡ እንዴት ነው የሚያስታርቀው?

የሕግ ሰው

ስኮትላንድ በኖቬምበር 2022 ይህን «የአካባቢው ሰው ነህ ወይ» የሚለውን ጥያቄ አግዳዋለች። ሰው ባመለከተበት ቦታ ይስተናገዳል፤ ከዚህ ወዲያ ካገር አገር መመላለስ የለም። ነጻ እንዳይመስልሽ ግን። ግላስጎውና ኤዲንብራ በ2023 መጨረሻ የቤት አስቸኳይ ሁኔታ አውጀዋል። የዚያ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ይህ ሕግ ብቻውን አላመጣውም፤ ሆኖም ሰው ወደ ትልቅ ከተማ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሰውየውን መጀመሪያ የደረሰበት ይቀበለው፤ የወጪውን ክርክር ከተሞቹ በኋላ በክልሉ በኩል ይጨርሱት። ሰውየው የክርክሩ ተካፋይ አይሁን።

ባለ በጀት

እሱም ቢሆን ተላላኪው ከተማ እንዲከፍል ከተደረገ ትኬቱ ይቆማል። አንድ ሩብ ዓመት አይፈጅም።

ከደጅ የገባ

ትኬት የምትሉት ነገር፣ ሁሉም ተገፍቶ አይደለም የሚሄደው። እኔ ራሴ ፈልጌ ነው ከተወለድሁበት የራቅሁት፤ የሚያውቀኝ እንዳያየኝ። «ወደ ከተማህ ተመለስ» የሚል ደንብ እንዳትጽፉ።

ማለዳ

ይህን አላሰብኩበትም ነበር፤ ይገባል። እስካሁን የጻፍኩት አንቀጽ ይኸው፦ «ማንኛውም ተቋም ቤት የሌለውን ሰው ወደ ሌላ ተቋም ሲያስተላልፍ፣ በባለጉዳዩ ፈቃድ በጋራ መዝገቡ ያስመዘግባል፤ ተቀባዩ ተቋም በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ጉዳዩን የሚከታተለውን ሠራተኛ ስም በተቻለ መጠን ያሳውቃል፤ ይህ እስኪሆን ድረስ አስተላላፊው ጉዳዩን መዝጋት አይችልም።»

አዛውንቱ

«በተቻለ መጠን» የምትለዋን አውጪያት። በእሷ ቀዳዳ ሁሉም ያመልጣል።

ሌሊት ተረኛ

«የሥራ ቀናት» የሚለውንም እዪው። ዓርብ ማታ የወጣ ሰው እስከ ረቡዕ የማን ነው?

የሕግ ሰው

ከሆስፒታልና ከማረሚያ ቤት ለሚወጡ «ከመውጣቱ በፊት» ብለሽ ለይተሽ ጻፊው፤ ለሌሎቹ 3 ቀኑ ይቆይ። ተቀባዩ ዝም ካለ ምን እንደሚሆንም ጨምሪ፤ ጉዳዩ ወደ ክልሉ አስተባባሪ ይወጣል፣ እሱም ተከታታይ ይመድባል፣ ወጪው ዝም ባለው ተቋም ላይ ይያዛል።

ማለዳ

አስተካክያለሁ። ከጤና ቢሮና ከቤቶች ኤጀንሲ ጋር የምንቀመጠው ሰኞ ነው። የሌሊቱን ስልክ ጤና ቢሮው «የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው» እንደሚል ከወዲሁ ይታወቀኛል፤ @ሌሊት ተረኛ፣ ያንን የተሰረዘ የስልክ ዝርዝር የሰው ስም ሳይታይበት ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ሌሊት ተረኛ

ዛሬ ማታ ገቢ ነኝ፤ እልክልሻለሁ። «እንዳትደውሉ» የሚለውንም ሳልሸፍን።